የእናት ልጅ ደም ለምን አልተስማማም?

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን በወለደች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብዙ ደም ፈሰሳት። ወሬውን እንደሰማን ባለቤቷ፣ ታናሽ እህቷና ከማኅበራችን ስድስት ሴቶች ተሯሩጠን ሆስፒታል ደረስን። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ታናሽ እህቷ «የአንድ እናት ልጆች ነን፣ የእኔን ውሰዱላት» ብትልም፣ ሲመረመር የእሷ ደም ቢ፣ የአራሷ ደግሞ ኦ ሆኖ ተገኘ። አራሷን ያተረፋት ቀደም ብሎ በደም ባንክ የተቀመጠ፣ የማናውቀው ሰው የሰጠው ደም ነው። ዛሬ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ይዘን ተመለስን፤ የእናት ልጅ ደም ሳይስማማ የባዕድ ደም እንዴት ተስማማ? መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ የሴቶች ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1667 ፓሪስ ውስጥ ዣን ባቲስት ዴኒ የተባለ ሐኪም የበግ ደም ለሰው ሰጠ። ኋላ ከታካሚዎቹ አንዱ ሲሞት ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሥራውም ተከለከለ። ለ150 ዓመት ያህል ብዙም የሚደፍረው ሰው አልነበረም።

ነገሩን እንደገና ያነሳው ጄምስ ብለንደል የተባለ የለንደን የማዋለጃ ሐኪም ነው። እናቶች ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷቸው ሲሞቱ ማየቱ እረፍት ነሳው። በእንስሳት ላይ ሞክሮ ለሰው የሚሆነው የሰው ደም ብቻ ነው ከሚል ሐሳብ ደረሰ፤ በ1818ም የሰው ደም ለሰው ሰጠ። የመጀመሪያው ታካሚ አልዳነም። በኋላ ግን ደም ከፈሰሳቸው ወላዶች መካከል የዳኑ ነበሩ። አንዷ ድና ሌላዋ የምትሞትበትን ምክንያት ግን ብለንደልም ሆነ በዘመኑ የነበረ ሌላ ሐኪም አላወቀውም።

ምክንያቱ የተገኘው ቪየና ውስጥ ነው። ካርል ላንድሽታይነር የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም ወስዶ፣ የአንዱን ቀይ የደም ሴል ከሌላው የደም ውኃ ጋር አቀላቀለ። አንዳንዱ ያለችግር ተዋሐደ፤ አንዳንዱ ግን እየተጓጎለ ተያያዘ። በ1901 ባወጣው ጽሑፍ የሰው ደም ሦስት ዓይነት መሆኑን ገለጸ፤ እነሱም ዛሬ ኤ፣ ቢ እና ኦ የምንላቸው ናቸው። በማግሥቱ ዓመት ባልደረቦቹ አራተኛውን፣ ኤቢን አገኙ። ላንድሽታይነር በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤ ሰው ቀይ የደም ሴሎች ላይ የኤ ምልክት አለ፤ የደሙ ውኃ ደግሞ የቢ ምልክት ያለበትን ሴል ይዋጋል። ቢ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤቢ ሁለቱም ምልክቶች ስላሉት ሁለቱንም አይዋጋም፤ ስለዚህ ከሁሉም ይቀበላል። ኦ ሁለቱም ምልክቶች የሉትም፤ ሁለቱንም ግን ይዋጋል። ስለዚህ ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ ሲቀበል ግን ከኦ ብቻ ነው። እኛ የሒሳብ ሰዎች በገቢና ወጪ ብናየው፣ ኦ ወጪው ለሁሉ፣ ገቢው ከአንድ ብቻ ነው። ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ስለሚወርስ የአንድ እናት ልጆች ደም ሊለያይ ይችላል። የእህታችን ነገር ይኸው ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ በማኅፀን ሞቶ ተወለደ። ደም ስለፈሰሳት የባሏ ደም ተሰጣት፤ ሁለቱም ኦ ነበሩ። ሆኖም ደሙ ስላልተስማማት ክፉኛ ታመመች። ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች በ1939 ባወጡት ጽሑፍ፣ ልጁ ከአባቱ የወረሰው ሌላ ምልክት በደሙ እንዳለና የእናቲቱ ደም ያንን እንደሚዋጋ አስረዱ። ዛሬ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የምንለው ይህንኑ ነው። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አይጎዳም፤ ጉዳቱ በሚቀጥሉት ላይ ይመጣል። ከ1968 ጀምሮ ይህን የሚከላከል መርፌ አለ፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ስለዚህ እርጉዝ እህቶቻችን በክትትል ጊዜ የደም ዓይነታቸውን ሳይጠይቁ አይመለሱ።

በአገራችን የደም ባንኩን ሥራ ለብዙ ዓመታት የያዘው ቀይ መስቀል ነበር፤ ኋላ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል። ያን ቀን እንደተረዳነው፣ በጭንቅ ሰዓት የተዘረጋ እጅ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል፤ ደሙ ተመርምሮ እስኪደርስ ሰዓት ይሄዳልና። በማኅበራችንስ ቀድማ የቆጠበች ባትኖር ብድር ከየት ይገኝ ነበር?

ስለዚህ ፈቃደኛ የሆንን በቁጠባ ደብተራችን ጀርባ የደም ዓይነታችንን እንድንጽፍ ተስማምተናል። ላንድሽታይነር የተወለደበት ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፤ በዕለቱ አብረን ሄደን እንሰጣለን። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነና ጤነኛ የሆናችሁ ኑ። እርጉዞችና የምታጠቡ ግን ተራችሁ እስኪደርስ ቆዩ። ያቺ እህታችን ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ስሟን ለመስጠት ካስመዘገቡት የመጀመሪያዋ ናት።