ከማይክሮኮንትሮለር ፒን ፈጣን የክሎክ ሲግናል ስለማመንጨት

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ከተሞች በንግድ ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች በር ላይ የሚሰቀሉት፣ ፊደላት እየተንሸራተቱ የሚያልፉባቸው ባለመብራት ሰሌዳዎች በአንድ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር የሚታዘዙ ናቸው፡፡ ማይክሮኮንትሮለሩ የትኛው መብራት እንደሚበራ የሚገልጸውን መረጃ በተራ ይልካል፡፡ መረጃው መቼ መነበብ እንዳለበት የሚያስታውቀው ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ምት የክሎክ ሲግናል ይባላል፡፡ ሲግናሉ ሲዘገይ ጽሑፉ ይርገበገባል፤ ሲዛባ ደግሞ ፊደላቱ ይበላሻሉ፡፡

እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ የተጀመረውና በተማሪዎች ዘንድ በስፋት የታወቀው አርዱዊኖ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፡፡ ኡኖ በተባለው ሞዴል ላይ ያለው ኤትሜጋ 328ፒ በ16 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፡፡ ይሁን እንጂ ጀማሪዎች የሚማሩት ፒን የማብሪያና የማጥፊያ ትእዛዝ በውስጡ ብዙ ማጣሪያ ስላለው፣ አንዱ ትእዛዝ ብቻ ጥቂት ማይክሮሰከንዶች ይወስዳል፡፡ በዚህ መንገድ የሚገኘው ፍጥነት ከ100 ኪሎኸርትዝ ብዙም አይርቅም፡፡

ሬጅስተሩን በቀጥታ በመጻፍ ፍጥነቱን እስከ 4 ሜጋኸርትዝ ማድረስ ይቻላል፡፡ ማብራት 1፣ ማጥፋት 1፣ ወደ መጀመሪያው መመለስ 2፣ በድምሩ 4 እርምጃ ነውና፡፡ ነገር ግን ፒኑ ለ1 እርምጃ በርቶ ለ3 ስለሚጠፋ ምቱ እኩል አይሆንም፡፡ ከዚህም በላይ ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ምቱ ይቋረጣል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም፡፡

ተመራጩ መንገድ ሥራውን ለታይመር መስጠት ነው፡፡ ታይመሩ በእያንዳንዱ እርምጃ ፒኑን እንዲገለብጥ ሲታዘዝ 8 ሜጋኸርትዝ የሆነ እኩል ምት ይሰጣል፤ ዋናው ፕሮግራምም ነፃ ይሆናል፡፡ ሙሉው 16 ሜጋኸርትዝ የሚያስፈልግ ከሆነ ፊውዝ በሚባለው ቅንብር አማካይነት የማይክሮኮንትሮለሩን ክሎክ በአርዱዊኖ 8ኛ ፒን ላይ ማውጣት ይቻላል፡፡ እንደ ኤስቲኤም32 ያሉት ደግሞ ለዚሁ የተመደበ ፒን አላቸው፡፡

ፍጥነት ብቻውን ግን በቂ አይደለም፡፡ የሲግናሉ ትክክለኛነት ከምንጩ አይበልጥም፡፡ ግማሽ በመቶ የሚሳሳት የሴራሚክ ሬዞኔተር የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ በሚመዘግብ ሰዓት ላይ ቢገጠም፣ ስሕተቱ በቀን እስከ 432 ሰከንድ ወይም ከ7 ደቂቃ በላይ ይደርሳል፡፡ ከሚሊዮን 50 ብቻ የሚሳሳት ክሪስታል ግን በቀን ከ4 ሰከንድ ከሦስት ዐሥረኛ ያህል አያልፍም፡፡ በዚህ ልዩነት የሠራተኛ ደመወዝ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ የግዥ ክፍሎች በጨረታ ሰነድ ላይ የክሪስታሉን ትክክለኛነት በቁጥር ቢያሰፍሩ ይበጃል፡፡

ሌላው ጉዳይ የሬዲዮ ጥልፍ ነው፡፡ ማዕዘናዊ ምት ከራሱ ፍጥነት በተጨማሪ የ3፣ የ5፣ የ7 እጥፍ እያለ በሚቀጥል ፍጥነት ይረጫል፡፡ የ8 ሜጋኸርትዝ 11ኛና 13ኛ እጥፎች 88 እና 104 ሜጋኸርትዝ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የኤፍ ኤም ሬዲዮ ክልል ውስጥ ያርፋሉ፡፡ ስለዚህ ሽቦውን ማሳጠር፣ የመሬት መስመሩን ከጎኑ ማስኬድና ከፒኑ አጠገብ ከ33 እስከ 100 ኦም የሆነ ሬዚስተር መግጠም ይመከራል፡፡ በሀገሪቱ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በዓዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡

ሲግናሉን በኦሲሎስኮፕ ለመመርመር የመሣሪያው አቅም ከሲግናሉ ቢያንስ 5 እጥፍ መሆን አለበት፡፡ ለ8 ሜጋኸርትዝ ከ40 ሜጋኸርትዝ ያነሰ መሣሪያ ማዕዘናዊውን ምት የተጠጋጋ አድርጎ ስለሚያሳይ ጤነኛው ዕቃ የተበላሸ ሊመስል ይችላል፡፡