የፓንቴሌሪያ የጦር አየር ጣቢያና ከመሬት በታች የነበሩት የጥገና ክፍሎቹ

ፓንቴሌሪያ በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል የምትገኝ፣ 83 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች የኢጣሊያ ደሴት ናት። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ እንግሊዝ የሜዲትራንያን የባሕር ኃይሏን አጠናከረች፤ በሁለቱ መንግሥታት መካከልም ከፍተኛ ውጥረት ተፈጠረ። ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሙሶሊኒ መንግሥት የባሕሩን መተላለፊያ ለመቆጣጠር ሲል ደሴቲቱን ወደ ምሽግነት ለወጣት።

የምሽጉ ዋነኛ ክፍል የአየር ጣቢያው ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ኮረብታ ተቆፍሮ፣ ርዝመቱ ከ300 ሜትር የሚበልጥ፣ ጣሪያው በኮንክሪት የተሠራና በአፈርና በድንጋይ የተሸፈነ መጠለያ ተዘጋጀ። ይህ ዋሻ 80 ያህል ተዋጊ አውሮፕላኖችን ሊይዝ ይችል ነበር። የጥገናው ሥራም ከቦምብ ተሰውሮ በዚያው ውስጥ እንዲከናወን ታቅዶ ነበር።

በሜይ 13 ቀን 1943 በቱኒዚያ የነበረው የጀርመንና የኢጣሊያ ጦር እጁን በሰጠ ጊዜ ግን ደሴቲቱ ብቻዋን ቀረች። ጄኔራል አይዘንሃወር ምሽጉን በቦምብ ኃይል ብቻ ለማስለቀቅ መቻሉን ለመፈተን ወሰኑ። ሳይንቲስቱ ሶሊ ዙከርማንም የእያንዳንዱን ድብደባ ውጤት እያሰሉ ምክር ይሰጡ ነበር። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን 11 ድረስ ከ6,000 ቶን በላይ ቦምብ ተጣለ። በጁን 11 የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ ባሕሩ ዳር ሲቀርቡ አዛዡ አድሚራል ጂኖ ፓቬሲ እጃቸውን ሰጡ፤ ከ11,000 በላይ ወታደሮችም ተማረኩ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ በተራራው ውስጥ የተሠራው መጠለያ ብዙም ሳይጎዳ ተገኘ። ፈጽሞ ከጥቅም ውጭ የሆኑት መድፎችም ጥቂቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ መንገዶቹ ፈራርሰዋል፤ የመገናኛ መስመሮቹም ተበጣጥሰዋል። ደሴቲቱ ወንዝ የሌላትና በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ የምትኖር በመሆኗ፣ ውኃውን ለሕዝቡና ለጦሩ ማዳረስ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። አድሚራሉ ለመንግሥታቸው የሰጡት ምክንያትም የውኃ እጦት ነው። በእርግጥ የጎደለው ውኃው ነው ወይስ የወታደሩ የመዋጋት ፍላጎት የሚለው ጥያቄ ግን ከጦርነቱ በኋላ ብዙ አከራክሯል።

ድል አድራጊዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ውጤት የወሰዱት ትምህርት ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም። አንዳንድ የአየር ኃይል አዛዦች ቦምብ ብቻውን ማናቸውንም ምሽግ ሊያስለቅቅ እንደሚችል አመኑ። በማርች 1944 ግን የካሲኖ ከተማ በቦምብ ፈራርሳ ሳለ፣ በፍርስራሹ ውስጥ የመሸጉት ጀርመኖች እስከ ሜይ ድረስ ተዋግተዋል። በፓንቴሌሪያ የሠራው ስልት በዚያ አልሠራም፤ የአንዱ ስፍራ ሁኔታ የሌላው አልነበረምና።

እንግዲህ የፓንቴሌሪያ ታሪክ የሚያስገነዝበው፣ የአንድ ድርጅት ጥንካሬ በአንዱ ጠንካራ ክፍል ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው። ለአውሮፕላኖቹ የተሠራው ኮንክሪት ጸንቶ ቆሟል፤ የሰዎቹ ውኃ፣ መንገድና መገናኛ ግን በዚያው መጠን አልታሰበበትም ነበር። የታሪክ መምህር ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቹ ሲያቀርብ፣ የዕቅድ ባለሙያም የሥራውን ንድፍ ሲመረምር፣ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከሁሉ የጠነከረው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ሳይሆን፣ ቢቋረጥ ሌላውን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው የትኛው እንደ ሆነ ነው።