መልእክተኛው ዘግይቶ ሲደርስ፦ የባሌ ዐመፅ፣ የሞቃዲሾ ሬድዮና የመንግሥት መልስ

በአዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ጠመንጃ ያዥ ማለት የጌታውን መሣሪያ ተሸክሞ የሚከተል አገልጋይ ማለት ነው፤ ስሙ የቀድሞውን የአገዛዝ ሥርዐት ያስታውሳል። ማእከላዊው መንግሥት ከዳር አገር ቅሬታ በተሰማ ቁጥር አስቀድሞ የሚልከው ይህንኑ ጠመንጃ ያዥ ነበር። ጉዳይ ጠያቂው፣ ከተላከም፣ የሚደርሰው ከብዙ ደም በኋላ ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው የባሌ ዐመፅ ይህ ቅደም ተከተል ምን ዋጋ እንዳስከፈለ በግልጽ ያሳያል።

በኢስላማዊው የፊቅህ ቅርስ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ከዚህ የተለየ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ስለ ዐመፀኞች (ቡጋት) ሲደነግግ መሪው ከመዋጋቱ በፊት ታማኝና አስተዋይ መልእክተኛ እንዲልክ፣ መልእክተኛውም የሚያስከፋቸው ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ፣ በደል ከጠቀሱም በደሉ እንዲወገድ ያዛል። ኸሊፋ ዐሊይ ኢብን አባስን ወደ ኸዋሪጆች ልከው ብዙዎቹ በክርክር መመለሳቸው የዚህ መርሕ ታሪካዊ አብነት ነው። ሱረቱል ሑጁራትም በ6ኛው አያ ወሬን ስለማጣራት፣ በ9ኛው አያ ደግሞ የተጋደሉ ወገኖችን ስለማስታረቅ ይናገራል፤ የወሬውና የጦርነቱ ጉዳይ በአንድ ሱራ ተቀራርበው ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ዘውዳዊ መንግሥት በእነዚህ ድንጋጌዎች ይመራ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። እዚህ የሚጠቀሱትም የባሌ ሕዝብ ዑለማኦች ሲያስተምሩት የኖሩት የፍትሕ መለኪያ ስለሆኑ እንጂ መንግሥትን የሚያስገድዱ ሕግጋት ስለነበሩ አይደለም።

ዐመፁ የተቀሰቀሰው በኤል ከሬ ሲሆን ብዙም ሳይቆይ በዋቆ ጉቱ መሪነት ወደ ሌሎቹ የቆላ ወረዳዎች ተዛመተ። መነሻው የመሬትና የግብር ጉዳይ ነበር። መሬት በቀላድ እየተለካ ሲመዘገብ የአርብቶ አደሩ የግጦሽ ይዞታ ጠበበ፤ ግብር የተወዘፈበት ገበሬ መሬቱን የማጣት አደጋ ተደቀነበት፤ ሹመቱና ርስቱም በአመዛኙ ከሌላ አካባቢ በመጡ ሰዎች እጅ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን፣ አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ የባሌው ገበሬ በፍርድ ቤት በገዛ ቋንቋው አቤት የሚልበት በር አልተከፈተለትም። ስለዚህ የመሬቱ ቅሬታ የሃይማኖትና የቋንቋ ቅሬታም ሆነ።

በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ነጻነቷን ያወጀችው ሶማሊያ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያኖረችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሌዎች ይኖሩባቸዋል የተባሉ አምስት ግዛቶችን የሚወክል ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ነው። የሞቃዲሾ ሬድዮ በሶማልኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም ያሰራጭ ነበር። የስርጭቱን ኃይል ለመረዳት ይዘቱን ከአድማጩ ሁኔታ ጋር ማየት ያስፈልጋል። ሬድዮው ስለ ግብሩና ስለ መሬቱ ሲናገር አድማጩ በገዛ ዐይኑ ያየውን ይነግረዋል፤ ይህን እውነት አስቀድሞ በማስያዙ ባሌ የሶማሊያ አካል ነው የሚለውን የሐሰት መደምደሚያ አብሮ ለማሳለፍ ተመቸው። ቋንቋውም ትልቅ ጉልበት ነበረው። ሰው በቋንቋው የሚያናግረው የጎረቤት አገር ሬድዮ ብቻ ሲሆን የሚነገረውን የሚያመዛዝንበት ሌላ ድምፅ አያገኝም።

መንግሥት ግን ዐመፁን የሽፍታ ሥራና የባዕድ ሴራ ብሎ ሰየመው። ስያሜው በከፊል እውነት ነበር፤ መሣሪያ ከሶማሊያ ይመጣ ነበር፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ አገሮች በግልጽ ተዋግተው በካርቱም ድርድር ተኩስ አቁመዋል። ጉድለቱ የባዕድ እጅ መኖሩ የአገር ውስጡን በደል ከመመርመር ነጻ ያወጣል ተብሎ መታሰቡ ነው። ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ነጭ ለባሽና የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ተሰማሩ፤ የቆላው ሕዝብ ከሰውም ከከብትም ብዙ አጣ። ቦምቡ የወደቀበት ሰው ሬድዮው ስለ መንግሥት የሚለውን ለማመን ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ጦርነቱ የበረደው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። በ1959 ዓ.ም. በሞቃዲሾ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ከኢትዮጵያ ጋር መቀራረብን መረጡና የውጭው ድጋፍ ተዳከመ። በሌላ በኩል መንግሥት የምሕረትንና የማግባባትን መንገድ ያዘ። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኦሮምኛ ተናጋሪውና የቀድሞው አርበኛ ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ናቸው። በመጋቢት 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ፤ ምሕረትና የግራዝማችነት ማዕረግም አገኙ። ቋንቋ የሚያውቅ መልእክተኛ ከሰባት ዓመት በኋላ ደረሰ ማለት ነው። ይሁንና የሚንሃጁ መርሕ ግማሹ ብቻ ተፈጸመ። መሪው ተሾሙ፣ የገበሬው የመሬት ጥያቄ ግን በነበረበት ቀረ።

ያልተፈጸመው ሌላው ግማሽ ከአራት ዓመት በኋላ በዋና ከተማዋ አደባባይ ተሰማ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ከእነርሱም ጋር ክርስቲያን ወገኖቻቸው፣ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው መካከል «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚለው አጠራር ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ የሚጠይቀው ለርእሰ ጉዳያችን ቁልፍ ነው። የድሮው አጠራር ሙስሊሙን እንግዳ አድርጎ ያቆመዋል፤ የሞቃዲሾው ሬድዮም ለባሌ ሰው ሲለው የነበረው ይህንኑ፣ አገርህ ይህ አይደለም የሚለውን ነበር። መንግሥት ሲዋጋው የኖረውን ስብከት በገዛ አጠራሩ ይደግፈው ነበር ማለት ነው። ሰልፈኞቹ የሰጡት መልስ ከሠራዊቱ መልስ ይልቅ የመገንጠልን ስብከት መሠረት የሚያናጋ ነበር፤ የጠየቁት መውጫ ሳይሆን ሙሉ ባለቤትነት ነውና። በዓመቱ ሦስት ኢስላማዊ በዓላት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የሚዘጋባቸው ሆኑ።

በደልን ማስወገድ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የባሌን ገበሬ ትልቁን ጥያቄ ቢመልስም ዋቆ ጉቱ በሶማሊያ ድጋፍ እንደገና ነፍጥ አንሥተዋል፤ የዚያድ ባሬ መንግሥትም በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወርሯል። የባዕድ ፍላጎት የራሱ ጉልበት አለው፤ አገር መከላከልም ግዴታ ነው። የባሌ ታሪክ የሚያስተምረን በደሉን ያላስወገደ መንግሥት ለዚያ ፍላጎት አድማጭ እንደሚያዘጋጅለት ነው።

ዛሬ የትራንዚስተሩን ቦታ የእጅ ስልክ ይዞታል። አገራችን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አውጥታለች፤ ግጭት በተነሣባቸው አካባቢዎችም ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተናል። ሕጉ ሐሰትን ሊቀጣ ይችላል፤ ሐሰቱ ተጣብቆ የሚጓዝበትን እውነተኛ ቅሬታ ግን ሊሽር አይችልም። ቅሬታውን የሚሽረው የሰውየውን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ጠይቆ የሚያዳምጥና የሰማውን ለማረም ሥልጣን የተሰጠው መልእክተኛ ነው። ባሌ ይህን መልእክተኛ ሰባት ዓመት ጠበቀች፤ በመጣ ጊዜም ለመሪዎቿ ምሕረት እንጂ ለገበሬዋ ፍትሕ አልያዘም ነበር።