ስልካችሁ «ደመናማ» ስላለ ብቻ ፎቶውን አትሰርዙ

ነገ ሲኤምሲ የምረቃ ወይም ቦሌ የሰርግ ፎቶ አላችሁ እንበል። ቀብድ ተከፍሏል፣ ልብስ ተከራይታችኋል። ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ የደመና ምልክት! እኛም አንዴ ይህንኑ አይተን አያት ላይ ልንቀርጸው ያሰብነውን የፀሐይ መጥለቂያ ተውነው። ሰማዩ ቀልቶ ማምሸቱን ያየነው በሰው ስቶሪ ነው።

ምልክቱን የሚሰጠው ስልኩ ሳይሆን ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሰላ የትንበያ ሞዴል ነው። በብዛት የምታገኟቸው የአሜሪካው ጂኤፍኤስ እና የአውሮፓው ኢሲኤምደብሊውኤፍ ናቸው። ሁለቱም በቀን 4 ጊዜ እንደ አዲስ ያሰላሉ። ዓለምን በካሬ ከፋፍለው ነው የሚሠሩት፤ የአውሮፓው ካሬ ጎኑ 9 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ድልድይ እስከ ሲኤምሲ ያለው ሰፈር በሙሉ አንድ ካሬ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ገርጂ ዶፍ ሲወርድበት ሰሚት ደረቅ ሲሆን አይታችሁ የለ? ያን የምታዘንበው ደመና ብዙ ጊዜ ከካሬው ታንሳለች። ሞዴሉ «አካባቢው ይዘንባል» ይላል እንጂ የትኛው ሰፈር እንደሆነ አይለይም።

ለፎቶ ዋናው ነገር የደመናው ፐርሰንት ሳይሆን ከፍታው ነው። እንደ ዊንዲ ያሉ አፖች ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ደመናን ለየብቻ ያሳያሉ። ከፍተኛው ስስ ደመና ጀምበር ስትጠልቅ ቀለሙን የሚይዘው ነው፤ «80 ፐርሰንት» ቢልም እሱ ከሆነ ሂዱ። በምዕራብ በኩል ወፍራም ዝቅተኛ ደመና ካለ ግን ቀለም አትጠብቁ። የሰው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ደመና ወዳጅ ነው፤ የቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ዓይን ሥር የምትጥለውን ጥላ ያጠፋላችኋል። ቬሎ ካለ የንፋሱንም ቁጥር እዩ።

መቼ ነው የሚታየው? የአውሮፓው ሞዴል የሌሊት 9 ሰዓቱን አየር ይዞ ያሰላውን ውጤት የሚለቀው ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የማታ ቀረጻ ካላችሁ ትናንት ያያችሁትን ትታችሁ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ድገሙት። ሁለቱ ሞዴሎች ካልተስማሙ ለደንበኛችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ተለዋጭ ቀንም ያዙ።

ልትወጡ ስትሉ ደግሞ ትንበያውን ተዉትና የቦሌ ኤርፖርትን የአየር ሁኔታ ዘገባ ፈልጉ። ሜታር ይባላል፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ይኼ ግምት ሳይሆን የታየ ነው። ከደመናው ኮድ ቀጥሎ 020 ካለ የደመናው ሥር ከኤርፖርቱ 2,000 ጫማ፣ ማለትም 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ኤርፖርቱ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ። እንዲህ ባለ ቀን ቦሌ ላይ መቅረጽ ይቻላል፣ እንጦጦ ጫፍ ግን ጉም ሊውጣችሁ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አፑ የሚሰጠው የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ተራራ አይቆጥርም። በምዕራብ የወጨጫ ተራራ ስላለ፣ ከአያት ስታዩ በዚያ አቅጣጫ የምትጠልቅ ፀሐይ ጥቂት ደቂቃ ቀድማ ትሰወራለች።