መጀመሪያ ጆሮ ነበር

የሬዲዮ መለያ ታግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሱቅ ውስጥ ዕቃ ላይ የሚለጠፈውን ነው። ታሪኩ ግን በማዳመጥ ነው የጀመረው፤ መለያነቱ በኋላ መጣ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1945 የሶቪየት ልጆች ሞስኮ ላሉት የአሜሪካ አምባሳደር ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአገራቸውን ማኅተም አበረከቱ። አምባሳደሩም መኖሪያቸው ውስጥ ሰቀሉት። በውስጡ ሌዎን ቴርሚን የሠሩት መሣሪያ ነበር፦ ክፍት የብረት ቆርቆሮ፣ ስስ ሽፋን፣ አንቴና፤ በቃ። ባትሪ የለ፣ ሽቦ የለ። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት፣ ክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ድምፅ ሽፋኑን ያርገበግበዋል፤ ተንጸባርቆ የሚመለሰውም ሞገድ አብሮ ይለዋወጣል። ሞገዱ ሲቋረጥ ጭጭ ነው። እስከ 1952 ፈታሾች ያላገኙትም ለዚሁ ነው።

ሃሪ ስቶክማን በ1948 በተንጸባረቀ ኃይል ስለ መገናኘት የጻፉትን ሲያሳትሙ ዕቃው ገና ግድግዳው ላይ ነበር!

በ2000ዎቹ ሲያትል ያሉ የኢንቴል ተመራማሪዎች ዊስፕን ሠሩ፤ ከአንባቢው ሞገድ ኃይል እየቀዳ ሙቀትና እንቅስቃሴ ለክቶ በነጸብራቅ የሚመልስ ታግ። ለእኔ ይሄ የሞስኮው ጆሮ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ኮርስ የምታስተምሩ ባልደረቦቻችን፣ እባካችሁ ከሱቁ ሳይሆን ከሞስኮ ጀምሩ። ቴርሚን መሣሪያውን ሲሠሩ እስረኛ እንደነበሩም ለተማሪዎቹ ንገሯቸው።