ቄሮ፦ የጓሳ ምድር የጥበቃ ሥርዓት

ቄሮ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ የተባለው ሣር የሚበቅልበትን የወል ምድር ለመዝጋት፣ ለመጠበቅና ጊዜው ሲደርስ ለመክፈት የአገሩ አበው የሠሩት ሥርዓት ነው። ጥንተ ነገሩ ከ17ኛው መቶ ዓመት የሚጀምር ሲሆን፣ ትውፊቱ እንደሚያስረዳው ምድሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ ምድሩም በእነዚሁ ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ ትውልዱን ከእነርሱ የሚቆጥር ሁሉ በአጽመ ርስት ሕግ የመጠቀም መብት ነበረው።

የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ውርጫም አገር ሲሆን፣ ከምንጮቹ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዚያ ጅብራና አስታ በየመካከሉ ቆመው ይታያሉ፤ ቀይ ቀበሮ በሣሩ ሥር የሚርመሰመሱትን አይጦች ያድናል፤ ጭላዳም ያደረበትን ገደል በማለዳ ወጥቶ ሣር ሲነጭ ይውላል።

ለመንዝ ሰው ጓሳ የቤቱ ክዳን፣ የከብቱ መኖ፣ የገመዱና የጅራፉ መሥሪያ ነው፤ እረኛው የክረምት ዶፍ ሲወርድበት ጎንበስ ብሎ የሚጠለልበት ገሳም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ሣሩ ግን ያለ ዕረፍት ቢታጨድና ቢጋጥ እያጠረና እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ለክዳን የሚበቃ ረዥም ሣር ለማግኘት ዓመታት መታገሥ ግድ ይሆናል፤ የቄሮም ምክንያቱ ይኸው ነው።

የአስቦና የጌራ ወገኖች እያንዳንዳቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ በአንድ ቃል ይመርጡ ነበር፤ ተጠቃሚውም ሕዝብ በየአጥቢያው ተደልድሎ ለአለቃው ይታዘዝ ነበር። አለቃው በጠራ ጊዜ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ወጥቶ ምድሩን መዞርና መቃኘት ግዴታው ሲሆን፣ የቅኝቱ ቀን አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ማጭዱን ሸሽጎ የሚገባ ሰው መቼ እንደሚያዝ ሳያውቅ በሥጋት ይኖር ነበር። ከቅኝት የቀረም ይቀጣ ነበር፤ በደሉ የከፋ እንደ ሆነ ቅጣቱ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር።

ምድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ አለቃው ሣሩ መድረሱን አይቶ፣ የሚከፈትበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ላይ ያስታውቅ ነበር። በበጋው ወራት፣ በየካቲት ገደማ፣ አስቀድሞ ሣሩ ይታጨድ ነበር፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ ከብት ይገባበት ነበር፤ ክረምቱ ሲቃረብም፣ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ በሐምሌ አቦ ቀን፣ ምድሩ እንደገና ይዘጋ ነበር። ሕጉን ከበዓሉ ጋር ማያያዛቸው ማንም ቀኑን ረሳሁ ብሎ እንዳያመካኝ አድርጎታል።

እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌላም የወል ሀብት ይታያል፤ ባሕር ያላቸው መንግሥታት ዛሬ በመርከብ የሚዞር የዓሣ ሀብት ጠባቂ መሥሪያ ቤት አቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት እስከ 200 የባሕር ማይል በሰጣቸው ወሰን ውስጥ የአጥማጁን ፈቃድ ይመረምራሉ፤ የመረቡን ዐይን ይለካሉ፤ ዓሣ በሚራባበት ወራትም ማጥመድን ይከለክላሉ። ኢትዮጵያም ለሐይቆቿና ለወንዞቿ ዓሣ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 አውጥታለች። ዓሣና ሣር ቢለያዩም የጥበቃው ምሥጢር አንድ ነው፤ የሁሉ የሆነ ሀብት ዕረፍት ካላገኘ የማንም ሳይሆን ያልቃል። ቄሮን ልዩ ያደረገው ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ አጽመ ርስት ሲቀር በእርሱ ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ቀረ፤ ምድሩም ወደ ገበሬ ማኅበራት ተላለፈ። አዋጁ በትውልድ ሐረግ ምክንያት ከመብቱ ተገልሎ ለነበረው ሰው በር መክፈቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አባ ቄራን የሚተካ ጠንካራ ጠባቂ ሳይቆም በመቅረቱ ሣሩ ተጎዳ። በኋላ ግን የአገሩ ሕዝብ ከመካከሉ ኮሚቴና ጠባቂዎች መርጦ፣ የመዝጋትና የመክፈትን ልማድ ወደ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አሻገረ።

ስለዚህ ዛሬ የጓሳ ምድር የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይጠራል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስካሁን በዚያው ይኖራሉ። ይህን ያቆየው ቀድሞ የአባወራው፣ ዛሬም የልጅ ልጁ ጥበቃ ነው፤ የጥበቃው ሕግም የሚጸናው ሣሩን የሚያጭደው እጅ ራሱ ሲጠብቀው ነው።