ወረርሽኝ ሲመጣ የቀበሌው ጤና ኬላ ምን ይሆናል? ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ የኮሮና ዘመን የሚታወስ



ወረርሽኝ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ስንት አልጋ አለ? ኦክስጅን ይገኛል ወይ? ይባላል። በገጠር ለሚኖረው ሕዝባችን ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የቀበሌው ጤና ኬላ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ነፍሰ ጡሯ ክትትሏን የት ታድርግ? ስኳር ያለባቸው አባት መድኃኒታቸው ሲያልቅ ወዴት ይሂዱ? የዘጠኝ ወሩ ሕፃን የኩፍኝ ክትባቱ ይለፈው?

በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት በኮሮና ዘመን አሠራሩን እንዴት እንደቀየረ፣ ይህም በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ላለ ቤተሰብ ምን ማለት እንደነበረ እናያለን። ያለፈን ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ወባው፣ ኩፍኙና ኮሌራው ዛሬም በአገራችን እየተመላለሱ ስለሆነ፣ ያኔ የተማርነው ነገር ነገ ያስፈልገናል።

አገልግሎቱ እንዴት ተደራጅቷል?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአደረጃጀቱ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል፤ በውስጡም ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ፤ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ታስቦ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐይቅ፣ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ፣ እንዲህ ያለ ሆስፒታል አላት። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌም በዚያው ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ለብዙ የአምባሰል ደጋ ነዋሪ ግን አስፋልቱ ላይ መድረስ ራሱ የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ ለእሱ «ሐኪም» ማለት በቅድሚያ ጤና ኬላዋ ናት።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እንጨምር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። የዚህ መድን አባል ሕክምናውን በጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ሰው የፈራው ቦታ ከሆነ እንግዲህ መንገዱ በሙሉ ከመጀመሪያው ተዘጋ ማለት ነው።

መጋቢት 2012

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ተባለ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በመስጂድ የጀመዓ ሶላት ለጊዜው እንዲቋረጥ አደረገ። ሚያዝያ 16 ቀን የገባው ረመዳን ተራዊሕን በየቤታችን የሰገድንበት ረመዳን ሆነ። መስጂድ ተዘግቶ ማየት ልብ የሚሰብር ነበር፤ እንደ ወሎ ባለ አገር፣ ሐድራውና ዱዓው፣ ሐዘኑና ሠርጉ ሁሉ በጀመዓ በሚሆንበት፣ ደግሞ ይበልጥ ከበደ።

አንዳንድ ወንድሞች ያኔ «ይህ የኢማን ድክመት ነው» ብለው ነበር። መልሱን ከሶሓቦች ታሪክ እናገኘዋለን። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለ ቦታ ሰሙ፤ ተማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ደግሞ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም፣ ካለበት አገር ሸሽቶ መውጣትንም የሚከለክለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ አመጡ። ኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሕዝቡ ወደ ተራሮች እንዲበተን ማድረጋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። መራራቅ ለእኛ ሃይማኖት አዲስ ነገር አልነበረም።

ምን ተቀየረ?

መጀመሪያ የተቀየረው በር ላይ ያለው ነው። በየጤና ጣቢያው መግቢያ የእጅ መታጠቢያ ተቀመጠ፣ ሙቀት መለካት ተጀመረ፤ ሳልና ትኩሳት ያለበት ሰው ከሌላው ታካሚ ጋር ሳይቀላቀል በድንኳን ወይም በተለየ ክፍል እንዲታይ ተደረገ። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሕዝብ ስለሆነ እጅ መታጠብን ማስተማር ቀላል ነበር። ችግሩ ውሃው ነው። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት ቀበሌ እጅ ታጠቡ ማለት፣ ያንን ውሃ የምትቀዳዋን ሴት ሸክም መጨመር ነው። ይህንን በዘመኑ ትምህርት ውስጥ ያነሳ ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ የቤት ለቤቱ ሥራ ነው፤ በእኛ እይታ ትልቁ ይህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በገጠር ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። በሙስሊም ቤተሰብ ይህ ብዙ ነገር ያቀላል፤ ባል በሌለበትም ወደ ጓዳ ገብተው፣ ቡና ተፈልቶላቸው፣ ከእናትየዋ ጋር ስለ ወሊድና ስለ ሕፃኗ ይነጋገራሉ። ኮሮና ሲመጣ ከበሩ ውጭ ቆመው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እርቀው እንዲያነጋግሩ ተባለ። ሥራቸውም ጨመረ፦ ትኩሳት ያለው ሰው አለ ወይ? ከውጭ አገር የመጣ አለ? ከታመመ ሰው ጋር የተነካካ አለ? የሴቶች የልማት ቡድን ስብሰባ ሲቆም መልእክት የሚተላለፈው በእነሱ እግር፣ በሬዲዮ፣ በስልክና በየመስጂዱ ድምፅ ማጉያ ሆነ። ሙአዚኑ ከአዛን በኋላ የሚናገረው ማስታወቂያ ስንት ቤት እንደሚደርስ ገጠር የኖረ ያውቀዋል።

ከውጭ የመጣ ሲባል በወሎ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጁን ወደ ሳዑዲ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። በ2012 የጸደይ ወራት ሳዑዲ ዐረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መለሰች፤ ተመላሾቹ በለይቶ ማቆያ 14 ቀን ቆይተው ወደየቀያቸው ተሸኙ። እነዚህ ልጆች ገንዘብ ሲልኩ የቤቱ ምሰሶ ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ደግሞ በአንዳንድ ሰፈር «በሽታ ይዘው መጡ» ተባሉ። መገለልን የፈራ ሰው ሳሉን ይደብቃል፤ የደበቀውን ሳል ደግሞ የትኛዋም ባለሙያ አታገኘውም። ኢማሞችና የቅሬ ሽማግሌዎች ተመላሹን በሰላምታ ሲቀበሉ ለባለሙያዋ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ረድተዋታል።

ሦስተኛው የመድኃኒት ቀጠሮ ነው። ለኤች.አይ.ቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር ከኮሮና በፊት ተጀምሮ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲመጣ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት መስጠቱ ይበልጥ ሰፋ፤ ለደም ግፊትና ለስኳር ታካሚዎችም ቀጠሮ እንዲራዘም ተደረገ። በየወሩ በግማሽ በተጫነ መኪና፣ በጨመረ ታሪፍ መመላለስ ለቀረላቸው አባቶችና እናቶች እፎይታ ነበር። ጉዳቱም አለ፤ ግፊቱ ሳይለካ ሦስት ወር የቆየ ሰው መድኃኒቱ እየሠራለት መሆኑን በምን ያውቃል?

ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም

የአምባሰልና የተሁለደሬ ቆላማ ቀበሌዎች የወባ አገር ናቸው። ወባም ትኩሳት ነው፣ የሳንባ ምችም ትኩሳትና ሳል ነው፣ ኮሮናም እንደዚሁ። ጤና ኬላዋ ጣት ወግታ በፈጣን መመርመሪያ ወባን ትለያለች፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትም የወባ፣ የሳንባ ምችና የተቅማጥ ሕክምና ትሰጣለች። ኮሮናን ፈርቶ ያተኮሰውን ሕፃን በቤት ያስቀመጠ ወላጅ፣ በጥቂት ብር የሚድነውን በሽታ ለሞት ዳርጎታል። ኮሮና ራሱ ለሕፃናት እምብዛም አደገኛ አልነበረም። ወባ ግን ሕፃን ገዳይ ነው።

የኩፍኙ ዘመቻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሚያዝያ 2012 ሊካሄድ የታሰበው አገር አቀፍ ዘመቻ በወረርሽኙ ምክንያት ተላለፈ። ይሁንና ጭራሽ አልተተወም። ከሰኔ 23 ጀምሮ፣ ሰው እንዳይከማች ጥንቃቄ እየተደረገ፣ ከ9 ወር እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸው ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ተከተቡ። ኩፍኝ ከኮሮና ይልቅ በጣም ፈጥኖ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ክትባቱ በአንድ ዓመት ቢቋረጥ የሚከተለው ሌላ ወረርሽኝ ነው።

ወሊድም እንዲሁ ነው። ጤና ጣቢያዎች ማዋለድ አላቆሙም፤ ከምጥ እናት ጋር የሚገባው አስታማሚ ቁጥር ግን ቀነሰ። በእኛ አገር ወላድን አጅቦ የሚሄደው ጎረቤት ብዙ ስለሆነ ይህ ቅር አሰኘ፤ «እዚያ በሽታ አለ» የሚለው ወሬ ሲጨመርበት በቤት መውለድን የመረጡም ነበሩ። የደም መፍሰስ ግን ወረርሽኝ መኖሩን አይጠብቅም። መውለጃዋ የቀረበ እናት መንገድ የሚያስቸግራት ከሆነ ቀድማ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መግባቷ ያኔም ዛሬም የተሻለ ነው።

የጸናበት ታማሚስ? በአካባቢያችን የኮሮና ማከሚያ ሆኖ ያገለገለው ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነበር። ከጤና ኬላ እስከዚያ ያለውን መንገድ የሚያሳጥረው ቶሎ መጠቆም ብቻ ነው፤ ለዚህ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ ስልክ 8335 አገልግሏል። የመጀመሪያው ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘበት ልክ በዓመቱ፣ መሰጠት ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ውጊያው ደሴ ሲደርስ የውጫሌና የሐይቅ መስመር መንገዱ ነበር። ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱ፤ ባለሙያዎችም ከሕዝቡ ጋር ተሰደዱ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደሴ ከተመለሰች በኋላ ብዙ ተቋማት የክትባት ማቀዝቀዣና የማዋለጃ አልጋ ከመፈለግ ጀመሩ። ወረርሽኙን አሠራር በመቀየር ችለውት ነበር፤ ይህን ግን ባዶ ክፍል ይዞ መቻል አይቻልም።

አሁን ቤተሰብ ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች

የሕፃኑ የክትባት ካርድ፣ የእናትየዋ የክትትል ካርድና የጤና መድን ደብተሩ በአንድ ፌስታል፣ በቀላሉ በሚነሳበት ቦታ ይቀመጡ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ስልክ ቁጥር በቤቱ ስልክ ሁሉ ይመዝገብ። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ የቀረው ለሁለት ሳምንት ብቻ ሲሆን ይጠየቅ እንጂ እስኪያልቅ አይጠበቅ። የመድን መዋጮ የሚከፈለው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ ቅሬዎች ከሐዘን መዋጮው ጎን ለጎን አባሎቻቸው ማደሳቸውን ቢጠይቁ፣ ለመክፈል አቅም ላጣው አባልም ከሰደቃው ቢሸፍኑለት፣ ያ ቤተሰብ በታመመ ቀን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ፍየል መሸጥ አይኖርበትም።